ስፒድ ባግ በጆሮ ነው የሚለመደው፦ ከአሰቃቀሉ እስከ ሁለት እጅ ምት

ቦክስ ቤት ገብታችሁ ስፒድ ባግ (ከክብ ጣውላ ሥር የሚንጠለጠለውን በአየር የተነፋ ትንሽ የቦክስ ባግ) የሚሠራ ሰው ካያችሁ ዓይናችሁ የሚቀረው እጁ ላይ ነው። ባጉ ብዥ ይላል፣ ጣውላው ያለማቋረጥ ይጮኻል፣ ቡጢውን ለይቶ ማየት ያስቸግራል። ጀማሪ ታዲያ መጀመሪያ ለመቅዳት የሚሞክረው ያንን የእጅ ፍጥነት ነው። ሁለቴ እንደመታ ባጉ ወደ ጎን ያመልጠዋል፣ በሦስተኛው ክንዱን ይመታዋል፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ “ይሄ ተሰጥኦ ይፈልጋል” ብሎ ወደ ትልቁ ባግ ይመለሳል።

ተሰጥኦ አይፈልግም። ፍጥነቱ የባጉ እንጂ የእጁ አይደለም። ቡጢው አንዴ ካረፈበት በኋላ ባጉ ተመልሶ እጅ እስኪያገኘው ድረስ ከላይ ያለውን ጣውላ ሦስት ጊዜ ይመታል። ሦስት ድምፅ በሰማችሁ ቁጥር እጁ የሠራው አንዴ ብቻ ነው ማለት ነው። ይህንን ዓይን ሊከታተለው አይችልም፤ ጆሮ ግን በደንብ ይችላል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተሠራው በዚህች ነጥብ ላይ ነው።

አስቀድሜ ስለ ጥቅሙ ላስረዳ፤ ያልሆነውን እየጠበቁ የሚጀምሩ ብዙ ናቸው። ስፒድ ባግ የቡጢ ኃይል አይገነባም፤ ያ የከባዱ ባግ ሥራ ነው። ትክክለኛ የቡጢ አወራወርም አያስተምርም፤ እዚህ ላይ የምትመቱበት አመታት ሪንግ ውስጥ ከምትሰነዝሩት ቡጢ የተለየ ነው። የሚሰጣችሁ የትከሻ ጽናት፣ እጅን ሳያወርዱ የመቆየት ልማድ፣ የዓይንና የእጅ ቅንጅት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሳይጨናነቁ በምት ውስጥ መሥራት ነው። በሦስተኛው ዙር ላይ እጁ ከአገጩ በታች የወረደ ቦክሰኛ ምን እንደሚደርስበት ያየ ሰው የትከሻ ጽናት ቀላል ነገር አለመሆኑን ያውቃል።

ባጉን መምረጥ

ገበያ ላይ በተመሳሳይ ስም የሚሸጡ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንዱ ከላይና ከታች በላስቲክ ገመድ ተወጥሮ የሚታሰረው ነው፤ ሌላው ወለል ላይ በስፕሪንግ ዘንግ የሚቆመው ነው። ሁለቱም የየራሳቸው ጥቅም አላቸው፣ ነገር ግን እዚህ የምናወራው ስለ እነሱ አይደለም። የእኛው ከላይ ቀጠን፣ ከታች ወፈር ያለ፣ በአየር የተነፋ፣ ከክብ ጣውላ ሥር በሚሽከረከር መንጠቆ የሚንጠለጠለው ነው።

መጠኑ በኢንች ይጻፋል። 10 በ7 የሚለው ቁመቱ 25 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 18 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። 9 በ6 የሚለው መካከለኛው ነው። 8 በ5 እና ከዚያ በታች ያሉት ትንንሾቹ በጣም ፈጣን ናቸው። ጀማሪ ከሆናችሁ 10 በ7 ግዙ፤ ቢበዛ ወደ 9 በ6 ውረዱ። ባጉ ባነሰ ቁጥር ይፈጥናል፣ ጆሯችሁም ምቱን ለመያዝ ጊዜ ያጣል። “ትንሹን ከቻልኩ ትልቁ ይቀለኛል” የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ አይሠራም፤ ትንሹን ሳትችሉት ትተዉታላችሁና።

ቆዳ ከሆነ ይመረጣል፣ ሲንቴቲክም ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል። ከጥሬ ዕቃው ይልቅ ስፌቱን መርምሩ። በማንጠልጠያው ይዛችሁ ስታሽከረክሩት አንድ ጎኑ አብጦ የሚታይ ከሆነ ተዉት፤ የተጣመመ ባግ በትክክል ብትመቱትም በትክክል አይመለስም።

አየሩ

ባጉ ውስጥ እንደ ድሮ የእግር ኳስ ከመነዳሪ አለ። የሚነፋውም በኳስ መንፊያና በመርፌ ነው። መርፌውን በውኃ ወይም በግሊሰሪን ሳታረጥቡ አታስገቡት፤ ደረቅ መርፌ አየር ማስገቢያውን ይቀደዋል። ለጎሚስታ ሰጥታችሁ በኮምፕሬሰር ማስነፋት ደግሞ ከመነዳሪውን በአንድ ትንፋሽ ሊያፈነዳው ስለሚችል ይቅርባችሁ።

ልኩን ለማወቅ ባጉን በሁለት እጅ ይዛችሁ በአውራ ጣታችሁ ተጫኑት። ትንሽ ገባ ብሎ ወዲያው መመለስ አለበት። ጭራሽ የማይገባ ከሆነ ከልክ በላይ ተነፍቷል፤ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ ለመቆጣጠርም ያስቸግራል። ጣታችሁ ሰምጦ የሚቀር ከሆነ ደግሞ ንጥረቱ ይሞታል። ለመማሪያ ጊዜ ትንሽ ለስለስ ማድረግ ይጠቅማል፤ ባጉ ይዘገያል፣ ድምፁም ይለያል። አየር ቀስ እያለ ስለሚወጣ ከልምምድ በፊት በአውራ ጣት መፈተሽን ልማድ አድርጉት።

አሰቃቀሉ

ለስፒድ ባግ አልገባ ማለት አብዛኛው ምክንያት እጅ ሳይሆን ጣውላ ነው። ጣውላው ከተወዛወዘ የምታችሁ ጉልበት ባጉን መመለሱ ቀርቶ ጣውላውን በማናወጥ ያልቃል፤ ሦስቱ ድምፆችም አንዴ ሦስት አንዴ ሁለት ተኩል ይሆኑባችኋል። በእንደዚህ ዓይነት ጣውላ ላይ ማንም ሰው አይማርም።

የክቡ ስፋት 60 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይሁን። ውፍረቱ ቢያንስ 3 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ከዚያ ቢበልጥ የተሻለ ነው። አናጢ ስታሠሩ ጠንካራ ጣውላ ወይም በሙጫ የተደራረበ ኮምፔንሳቶ ጠይቁ። ቺፑድ ርካሽ ነው፣ ግን ብሎኑ የገባበት ቦታ እየተፈረፈረ ይላላል። የሚሸከመውን ብረት ለበያጅ ስትሰጡ ከግድግዳው ወደ ጣውላው በአግድም የሚሄዱ ሁለት ክንዶችና ከሥር በሰያፍ የሚደግፏቸው ሁለት ብረቶች እንዲኖሩት አድርጉ።

ቀጥሎ ግድግዳው ነው። እዚህ አገር አብዛኛው ግድግዳ ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ነው። ብሎኬት ላይ በፊሸር የተያዘ ብረት ለመደርደሪያ ይሆናል፤ በደቂቃ በመቶዎች የሚቆጠር ምት ለሚቀበል ጣውላ ግን አይሆንም፣ ቀዳዳው እየሰፋ ይሄዳል። የኮንክሪቱን ኮለን ፈልጋችሁ በማስፋፊያ ብሎን እዚያ ላይ እሰሩት። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ከሆነ ከጎረቤት ጋር የምትጋሩትን ግድግዳ ተዉት፤ ድምፁ በኮንክሪት ውስጥ አልፎ ሦስት ቤት ድረስ ይሰማል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ግድግዳው አብዛኛውን ጊዜ በጂፕሰም የተሸፈነ የእንጨት አጥንት ነው፤ እንጨቶቹ ብዙ ጊዜ በ40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርቀት ስለሚቆሙ መጀመሪያ ሁለቱን እንጨቶች ፈልጉ፣ በእነሱ ላይ ወፍራም ሳንቃ በአግድም እሰሩ፣ ብረቱን በሳንቃው ላይ አሳርፉ።

ጣውላውን ከማጥበቃችሁ በፊት ውኃ ልክ አስቀምጡበት። ጥቂት ካዘነበለ ባጉ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ይስታል፣ እናንተም ስህተቱን በእጃችሁ ላይ ስትፈልጉ ትከርማላችሁ። ሲጨርሱ ጣውላውን በእጅ ይዞ መግፋት ነው፤ ከተነቃነቀ ገና አላለቀም።

ከፍታው በቀላሉ ይለካል። ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፤ የባጉ ወፍራም ክፍል ከአፋችሁ ትይዩ፣ የታችኛው ጫፍ ከአገጫችሁ አካባቢ መሆን አለበት። ዝቅ ካለ እጅ ማውረድ ትለምዳላችሁ፣ ይህም ከመጣችሁበት ዓላማ ተቃራኒ ነው። ከፍ ካለ ደግሞ ትከሻችሁ ወደ ጆሮ ይወጣና በሁለት ደቂቃ ይደክማል። የተለያየ ቁመት ያላቸው ሰዎች የሚጋሩት ከሆነ ለረጅሙ ሰው ስቀሉት፣ አጭሩ የማይንሸራተት የእንጨት መቆሚያ ላይ ይቁም።

የእጅ ፋሻ

ትልልቅ የስፓሪንግ (ከሰው ጋር የመለማመጃ) ጓንቶች አያስፈልጉም፤ ባጉን እንዳትሰሙት ያደርጓችኋል። 4.5 ሜትር የሆነው የእጅ ፋሻ ይበቃል፣ ከፈለጋችሁ ስስ የባግ ጓንት ጨምሩ። ቀለበቱን አውራ ጣት ላይ አስገቡ፣ አንጓችሁን ሦስት ጊዜ ዙሩ፣ ከዚያ ቡጢውን፣ በመጨረሻ ተመልሳችሁ አንጓ ላይ ጨርሱ። ለስፒድ ባግ የሚለየው አንድ ነገር አለ፦ በትንሿ ጣት በኩል ያለውን የእጅ ጎን እስከ መዳፉ ሥር ድረስ ሸፍኑት። ምቱ የሚያርፈው እዚያ ነው፣ ቆዳው መጀመሪያ የሚላጠውም እዚያው ነው።

አቋቋም

እግሮቻችሁ በትከሻ ስፋት፣ ፊታችሁ ወደ ባጉ። ቦክስ የምትሠሩ ከሆነ አንድ እግር ወደ ኋላ አድርጎ በጎን የመቆም ልማድ አላችሁ፤ ለጊዜው አስተካክላችሁ ፊት ለፊት ቁሙ፣ ሁለቱ እጆች እኩል ርቀት እንዲኖራቸው። ጉልበት ላላ ይበል። ክርኖቻችሁን ከትከሻችሁ ዝቅ ወዳለ ከፍታ አንሡ፣ ቡጢዎቻችሁን አገጫችሁ ፊት አድርጉ። አሁን አንዱን እጅ ወደ ፊት ትንሽ ብታንቀሳቅሱ ቆሞ ያለውን ባግ መንካት አለባችሁ። ክንዳችሁን መዘርጋት ካስፈለጋችሁ ቅረቡ፤ አፍንጫችሁ ሊነካው ከሆነ ራቁ።

ቡጢውን ጨብጡ እንጂ አትጭመቁት።

የመጀመሪያው ልምምድ፦ አንድ ምት፣ ከዚያ ማዳመጥ

ባጉን አቁሙት። በሚቀናችሁ እጅ፣ በር በቡጢ ሲደበደብ በሚያርፈው የእጅ ጎን፣ መሃሉን ቀስ ብላችሁ ምቱት። ሁለተኛ አትምቱ። የሚሆነውን ስሙ።

ባጉ መጀመሪያ ከእናንተ ርቆ የወዲያኛውን የጣውላ ጎን ይመታል። ከዚያ ወደ እናንተ መጥቶ የወዲህኛውን ይመታል። ከዚያ እንደገና የወዲያኛውን። ድምፅ አውጥታችሁ እየተከተላችሁ በሉ፦ “ወዲያ፣ ወዲህ፣ ወዲያ።” ከሦስተኛው በኋላ ባጉ ወደ እናንተ ሲመለስ በእጃችሁ ያዙት። አቁሙት፣ ድገሙት።

ይህንን ለአንድ ሙሉ ሳምንት ብቻውን ሥሩት። አሰልቺ ይመስላል፣ ግን የሚዘሉት ሰዎች ከወር በኋላም ባጉን ሲያሳድዱ ታገኟቸዋላችሁ። የመያዟ ጊዜ በኋላ የመምቻዋ ጊዜ ናት፤ እጃችሁ ባጉን ሳይፈልግ የሚያገኘው ከሆነ ዋናው ተምሯል። እያደር ደግሞ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሞክሩት። ሦስተኛውን ድምፅ ሰምታችሁ ስትይዙት የሚሰማችሁ ደስታ ልዩ ነው።

ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ምት

አሁን ከመያዝ ይልቅ ምቱት። “ወዲያ፣ ወዲህ፣ ወዲያ” — ምት። ባጉ ከወዲያኛው ጎን ተነሥቶ ሲመጣ፣ ቀጥ ብሎ የሚንጠለጠልበትን መስመር ትንሽ አለፍ እንዳለ አግኙት። ሁለት ምት መትታችሁ ያዙ። ሲሳካ ሦስት መትታችሁ ያዙ። ከዚያ አራት።

የእጁ መንገድ ክብ ነው። መትቶ ወደ ፊት ያልፋል፣ ዝቅ ይላል፣ ወደ ደረት ይመለሳል፣ ወደ አገጭ ይወጣል። ክቡ ከአንድ ስንዝር መብለጥ የለበትም። የሚሽከረከረው ከክርን በታች ያለው ክንድ ነው፤ ክርኑ ራሱ ቦታውን አይለቅም። ቀስ ብሎ የሚሠራ ሰው ክርን ላይ ትኩር ብላችሁ ብታዩ በደቂቃ ውስጥ ሁለት ሦስት ጣት ያህል ሲወርድ ታያላችሁ፤ ክርኑ ሲወርድ ቡጢው ባጉን ከሥር ወደ ላይ መምታት ይጀምራል፣ ባጉም እንደ መዝለል ይላል። ያኔ ማቆም፣ ትከሻን ማላላት፣ ክርንን መልሶ ማንሣት ነው።

እዚህ ላይ እኛ የምናውቀው ሙዚቃ ይረዳናል። በ6/8 የሚቆጠረው ቺክቺካ በሦስት በሦስት የተከፈለ ምት ነው፤ ባጉም በሦስት በሦስት ነው የሚናገረው። ከምቱ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው ድምፅ ጉልበት ስላለው ጎላ ይላል፣ ተከታዮቹ ሁለቱ እየቀነሱ ይሄዳሉ፦ ታ-ታ-ታ፣ ታ-ታ-ታ። በአንድ እጅ ሁለቴ ስትመቱ ስድስት ድምፅ፣ አንድ ሙሉ የቺክቺካ ዙር ወጣችሁ ማለት ነው። ዝግ ያለውን መርጣችሁ ክፈቱና በእግራችሁ እየመታችሁ ሥሩ፤ በትከሻው እስክስታ የሚያውቅ ሰው ይህን ምት ከማንም ቀድሞ ያገኘዋል። ባጉ የሙዚቃ መሣሪያ መሆኑ አዲስ ነገርም አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ (እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር) አሜሪካ ውስጥ በቫውደቪል (የቅይጥ ትርኢት) መድረኮች ላይ ባግ በመምታት ብቻ ትርኢት የሚያሳዩ ሰዎች ነበሩ፤ ከአንድ በላይ ባግ ሰቅለው በቡጢም በክርንም በጭንቅላትም ይመቱ ነበር።

ሌላኛው እጅ

የማይቀናችሁን እጅ ከዜሮ ጀምሩት፤ አንድ ምት፣ ማዳመጥ፣ መያዝ። ቀኙ ስለቻለ ግራው ይችላል ብላችሁ አትዝለሉ። እንዲያውም ለጥቂት ሳምንታት ለደካማው እጅ እጥፍ ጊዜ ስጡት፤ አለበለዚያ ሁለቱን እጅ ስታቀላቅሉ ምቱ የሚሰበረው ሁልጊዜ እሱ ላይ ይሆናል።

እጅ መቀያየር

እያንዳንዱ እጅ ብቻውን ያለማቋረጥ ሠላሳ ሰከንድ ያህል መሥራት ሲችል ቅይጡን ጀምሩ። በአራት ቀኝና በአራት ግራ ጀምሩ። ከዚያ ሁለት በሁለት። አንድ በአንድ መጨረሻ ላይ ይምጣ።

ቅያሬው የሚበላሽበት ምክንያት አንድ ነው፦ የሚቀጥለው እጅ ዘግይቶ መነሣቱ። ቀኝ እየመታ እያለ ግራው አገጭ ፊት ተነሥቶ፣ ክርኑ ከፍ ብሎ መጠበቅ አለበት። የቀኝ የመጨረሻው ምት እንዳረፈ ቀኙ ወደ ደረት ሲመለስ ግራው ቀድሞውኑ ቦታው ላይ ነው። በመካከል የሚጨመር ጊዜ የለም፤ ያው ሦስት ድምፅ ነው። እየቆጠራችሁ ሥሩ፤ ቆጠራው እስኪጠፋባችሁ ሳይሆን ሳትቆጥሩ እስኪሰማችሁ ድረስ።

ሲበላሽ ምን ማየት እንዳለባችሁ

ባጉ ክብ እየዞረ ከሄደ ከመሃሉ ውጪ እየመታችሁት ነው። ብዙ ጊዜ ቀኝ እጅ ከቀኝ ወደ ግራ እየጠረገ ስለሚመታ ነው፤ እጁን ከባጉ መሃል ፊት ለፊት አምጡት። እጃችሁን አስተካክላችሁም ከዞረ መንጠቆውንና የጣውላውን ውኃ ልክ ፈትሹ።

ባጉ ፊታችሁ እየደረሰ ከሆነ ወይ በጣም ቀርባችኋል ወይ በጣም ትመታላችሁ። ጀማሪ የሚያስፈልገው ጉልበት በጣም ትንሽ ነው፤ ባጉ ሦስቱን ድምፅ በግልጽ እንዲያሰማ የሚበቃ ያህል። በጉልበት የተመታ ባግ ሦስቱን ጨርሶ የሚመጣው እጃችሁ ሳይዘጋጅ ነው።

ድምፁ ሁለት ብቻ ሆኖ እጅና ባግ እየተጋጩ ከሆነ ቸኩላችኋል፤ በሁለተኛው፣ ማለትም በ“ወዲህ” ላይ እየገባችሁ ነው። ከምታችሁ በፊት የወዲህኛው ጎን ሁለት ጊዜ ከተሰማ ደግሞ ዘግይታችኋል፤ ሦስተኛውን አሳልፋችሁ ባጉ እንደገና መጥቶ ጣውላውን መትቷል። ምቱ ከጠፋ ባጉን አታሳድዱት። ያዙት፣ አቁሙት፣ ከአንድ ጀምሩ።

ስንት ጊዜ፣ እስከ መቼ

በሳምንት አንዴ አንድ ሰዓት ከመሥራት በየቀኑ አሥር ደቂቃ ይበልጣል፤ ጆሮና እጅ የሚላመዱት በመደጋገም ነው። የቦክስ ዙር ሦስት ደቂቃ ስለሆነ ሰዓታችሁን በዚያው ሙሉ፦ ሦስት ደቂቃ ሥራ፣ አንድ ደቂቃ ዕረፍት፣ ሦስት ዙር። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስቱም ዙር አንድ ምትና መያዝ ይሁን። በሁለተኛው ተከታታይ ምት በአንድ እጅ። በሦስተኛው ደካማውን እጅ ግፉ። ቅያሬውን በአራተኛው ሳምንት ሞክሩት፤ ካልመጣ ወደ ኋላ መመለስ ምንም አይደለም።

የምታዘወትሩት ቦክስ ቤት ውስጥ ከሆነ ልምምዱን መጨረሻ ላይ አድርጉት፤ የደከመ ትከሻ የሚጠነክረው እዚያ ነው። ምቱን ገና እየተማራችሁ ላላችሁ ግን እጅ ሳይደክም፣ ከማሟሟቂያ ቀጥሎ ይሁን። የትከሻ ጡንቻ መቃጠል የሚጠበቅ ነው። አንጓ ወይም የትከሻ መጋጠሚያ ላይ የሚወጋ ሕመም ከተሰማችሁ ግን ለዚያ ቀን አቁሙ።

ሁለት በሁለት ለሦስት ሙሉ ዙሮች ሳይሰበር ሲወጣላችሁ ቀስ እያላችሁ ባጉን ጠንከር አድርጋችሁ ንፉት። ምቱ ያው ሆኖ ይፈጥናል። ከዚያ ወደ 9 በ6፣ በኋላም ወደ 8 በ5 መውረድ ትችላላችሁ። በእጅ ጎን መምታትን ትቶ በቡጢው የፊት ጉልጥምት ወደ መምታት፣ ቆሞ ከመሥራት በእግር እየተዟዟሩ ወደ መሥራት መሻገርም የሚመጣው ያኔ ነው። በእያንዳንዱ ለውጥ ምቱ ለጥቂት ቀናት ይጠፋል፤ “ወዲያ፣ ወዲህ፣ ወዲያ” ብሎ መጀመር እንደገና ይሠራል።

መሣሪያውም እንክብካቤ ይፈልጋል። ላብ የነካውን ቆዳ ከሥራ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፣ ፀሐይ ላይ አታስጡት። መንጠቆው መጮኽ ሲጀምር ጠብታ ዘይት ጨምሩበት። ባጉ በአንድ ሌሊት ከተነፈሰ ክሩን ፈትታችሁ ከመነዳሪውን አውጡና ውኃ ውስጥ ከትታችሁ አረፋ የሚወጣበትን ፈልጉ፤ ከመነዳሪው ለብቻው ስለሚሸጥ ሙሉ ባግ መግዛት የለባችሁም። አዲሱን ስታስገቡ አየር ማስገቢያው ከቀዳዳው ትክክል መዋሉን አረጋግጡ፣ ክሩን እስከ መጨረሻው አጥብቃችሁ እሰሩ፣ መንፋቱ ከዚያ በኋላ ነው።